«እንኳ» አይደለም፣ «አንኳ» ነው

እኔ ስለው ሳቁ። አዝመራው ሲለው ጻፉ። ያንኑ ነገር፣ በዚያው ቃል፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ተናግሬው ነበር፤ ያን ጊዜ አንድም ሰው እስክሪብቶ አላነሳም። ሽማግሌው ከዳንግላ በሚኒባስ መጥቶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሲደግመው ግን ክፍሉ ሙሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ ጫረ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልናገር። የምትጽፍልኝ ፀደይ ናት፤ እንዳታሳምርብኝ አስጠንቅቄያታለሁ።

እንቁ እባላለሁ። እንጅባራ ከመናኸሪያው ጀርባ ሻይ ቤት አለኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሌላ ግን ብዙ ቆጥሬያለሁ። ከሻይ ቤቱ በስተኋላ ግድግዳውም ጣሪያውም ቀርቀሃ የሆነ ሰፊ ክፍል አለ። ባሌ በሕይወት ሳለ ድንች እናከማችበት ነበር። አሁን እሑድ እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ምሳውን ከበላ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ የጃዝ ወዳጆች ይሰበሰቡበታል። ስማቸው እንዲህ ነው፤ እኔ አላወጣሁላቸውም። ቀርቀሃ ድምፅ ይጠጣል፣ አያስተጋባም ይላሉ። እኔ የማውቀው ብርድ ሲጠጣ ነው።

ሊቀመንበራቸው መምህር ይሄይስ ይባላል። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ እዚህ ፊዚክስ ያስተምራል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ ሁሉን ነገር በጣቱ ይቆጥራል። ሙዚቃ ሲከፈት ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ መሥራት ይጀምራል፤ ሲያልቅ ስንት ጊዜ ምን እንደሆነ ይናገራል። ባምላክ ባጃጅ ይነዳል፤ ድራም ይመታል። ወላጆቹ የኛው የአዊ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ግን ባሕር ዳር አድጎ አዊኛው ከሰላምታ አያልፍም። ፀደይ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፣ ኪቦርድ ትጫወታለች፣ ከሁሉም አፏ ስለታም ነው። የቀሩት ስምንት ዘጠኝ ይሆናሉ፤ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ድንቼን በአዋዜ ይጨርሳሉ።

ጭቅጭቃቸውን እወደዋለሁ። ባምላክ በመድረክ የተጫወቱትን እንጂ የተቀዳ አያከብርም። የተቀዳ ሙዚቃ ቋንጣ ነው ይላል፤ ሥጋው ያለው መድረክ ላይ ነው። ፀደይ ደግሞ ቋንጣ ዓመት ይቆያል፣ ያንተ ጥሬ ሥጋ ግን እስከ ነገ አይደርስም ብላ ትመልስለታለች። አንድ እሑድ ባምላክ ባሕር ዳር ሄዶ ያየውን የሳክስፎን ነፊ አወራ። ሰውየው ከመሃል አቁሞ፣ መሣሪያውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዝም ብሎ ቆመ። አዳራሹ ረሳው እንዴ ብሎ ተንጫጫ። ከዚያ አንዲት ድምፅ ብቻ ነፋ፤ ባምላክ አለቀሰ። ይሄይስ ዝምታው ስንት ምት ነበር ብሎ ጠየቀው። ማን ቆጠረ ብሎ ባምላክ ተቆጣ። ካልቆጠርክማ አልሰማህም አለው ይሄይስ። ሳይነጋገሩ ተለያዩ፤ በሚቀጥለው እሑድ አንድ ሳህን ላይ በሉ።

እኔም አስተያየት አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ትሪ ይዤ ሰምቻለሁ፤ ጆሮ ደግሞ ትምህርት ቤት አይገባም። አንድ ቀን የውጭ አገር ሳክስፎን አሰሙ። ሰውየው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይዞራል፣ ተመልሶ ይዞራል። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ይሄ ሰው መንገድ ጠፍቶበታል፤ መጠየቅ ግን አፍሯል» አልኳቸው።

ይሄይስ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «እማማ እንቁ፣ ብርጭቆውን ቀስ አድርገው ያስቀምጡልን» አለኝ።

ለአስተያየቴ መልሱ ይሄ ነው። ብርጭቆ። ሁለተኛው ጠላታቸው ደግሞ ቃጭሌ ነበር። ከሻይ ቤቱ በር ላይ የአባቴ የጋሪ ፈረስ ቃጭል ተንጠልጥሏል፤ ደንበኛ በገባ በወጣ ቁጥር ይጮኻል። ከአባቴ የቀረችኝ እሷ ናት። ይሄይስ ሙዚቃ አበላሸች ብሎ እሑድ እሑድ ሲመጣ መጀመሪያ የአንገት ልብሱን ፈትቶ ቃጭሏን ይጠቀልላታል። ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ነው የሚጠቀልላት። ዝም አልኩት፤ ቤቴ ሰው መጥቶ መጫወቱ ከቃጭሉ ይበልጥብኝ ነበር።

ካሴቱ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። ይሄይስ ዳንግላ ሄዶ ሊዘጋ ካለ ሱቅ አገኘው። ወረቀቱ እርጥበት በልቶታል፤ የሚነበብ ነገር የለውም። አራስ እንደታቀፈ ሰው በጋቢ ሸፍኖ አመጣውና ሁሉም ስልኩን እንዲያጠፋ አዘዘ። እኔ ትሪዬን ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። ቴፑ ሺ… አለ፤ ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ።

«…ላንጋ፣ ሹጋ፣ ሰድዛ፣ አንኳ።»

ወዲያው ጥሩምባው ተነሣ፤ ከኋላው ድራሙ። ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን ነገር ቆሜ መስማት ስላልቻልኩ ከትሪው አጠገብ ተቀመጥኩ።

የሆነው እንዲህ ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ዳንግላ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት እሠራ ነበር። አራት ሙዚቀኞች ለሰርግ ወደ ቻግኒ ሲሄዱ መኪናቸው ተሰብራ ሦስት ቀን እኛ ዘንድ ከረሙ። ድራም መቺያቸው ተሰላችቶ በእግሩ ሄደ፤ በሱ ፋንታ አዝመራው የሚባል የዳንግላ ጎረምሳ አስገቡ። ጥሩምባ ነፊው ደረሰ ይባል ነበር፤ ነፍሱን ይማረው፣ ዝም ያለና ጆሮ ብቻ የሆነ ሰው ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጦ የአባቴ ጋሪ ሲመጣ ሲሄድ ይሰማ ነበር። ፈረሱ አራት ኮቴ ይጥላል፣ ከዚያ ቃጭሉ ይመታል። አራት ኮቴ፣ አንድ ቃጭል። በዚያ ላይ ዜማ ሠራ። አዝመራው ግን አንዴ በአራት ይደርሳል፣ አንዴ በስድስት ያልፋል፤ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ይወድቃል ይነሣል። እኔ ሽንኩርት እሳት ላይ ጥጄ ነበር። መታገሥ አቃተኝና ማማሰያዬን ይዤ ገባሁ። አራት ኮቴ አንድ ቃጭል ነው እኮ፣ ይሄ ምን ይከብዳል አልኳቸው። በምናውቀው በአዊኛ ቆጠርኩላቸው። ጊታር መቺው ትንሽ ቴፕ ነበረው፤ ያኔ ነው የቀዳው።

ሙዚቃው ሲያልቅ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። «ያ ድምፅ የኔ ነው» አልኩ። «የቆጠርኩት ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ብዬ ነው። የመጀመሪያዋ እምፕል ነበረች፤ ‹አንድ› ማለት ናት። እሷ ተቆርጣለች።»

ሳቁ። በክፋት ቢሆን ኖሮ እተርፍ ነበር፤ የሳቁት ግን በፍቅር ነው፣ አሮጊት ሕልሟን ስትናገር እንደሚሳቀው። ይሄይስ እጄን ይዞ አስነሣኝ። በጣም በአክብሮት፣ ድምፁ የወንድ መሆኑን አስረዳኝ። በአምስት የሚሄድ ምት ደግሞ የከፍተኛ ትምህርት ጉዳይ መሆኑን ነገረኝ።

«ድምፄ ዱሮም ወፍራም ነበር፤ ይሄን ያህል ግን አይደለም። ቴፕህ ይጎትታል» አልኩት።

«ቴፑ እኮ የጃፓን ነው፣ እማማ።»

«ጃፓንም ያረጃል።»

ባምላክ ብቻ አያቴ እንዲህ ያለ ነገር ትል ነበር መሰለኝ ብሎ አጉረመረመ። ይሄይስ ቋንቋዎች ይመሳሰላሉ ብሎ ዝም አሰኘው። አያቱ ብትሰማው በጥፊ ትለው ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ይሄይስ አምስት ገጽ ጽፎ መጣ። አምስት ገጽ የጻፈ ሰው ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። ቆሞ አነበበልን። ላንጋ ከኮንጎ የመጣ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው አለ፤ ስሙ ያስታውቃል። ሹጋ የቅጽል ስም ነው፤ በእንግሊዝኛ ስኳር ማለት ስለሆነ ጣፋጭ ጊታር የሚመታ ሰው መሆን አለበት። የሰድዛ ትውልድ ገና ጥናት ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ የተባለችው ደግሞ አማርኛ ናት፤ «እንኳ» ናት። ተናጋሪው ሊል የፈለገው «ላንጋ፣ ሹጋ፣ ሰድዛ እንኳ ይህን መጫወት አልቻሉም» ነው፤ ፉከራ ነው። ሙዚቃው ስም ስለሌለው «እንኳ» ተብሎ እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ። አጨበጨቡ።

ከመሃል ላይ ደግሞ ጥሩምባው ሲያርፍ አንድ የሚጎተት ጩኸት አለ፤ «ኣ…ኡ…ሮ» ዓይነት ነገር። ለሱ ብቻ ሙሉ ገጽ ሰጥቶታል። ከአፍሪካ ነፍስ ጥልቀት የወጣ ሲቃ ነው አለ። ሲያነበው ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ከኋላ ያለችው ልጅ ዓይኗን ጠረገች። ያን ጩኸት እኔም አላወቅሁትም፤ አልዋሽም። ምናልባት ደረሰ ሳል ይዞት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ሁለተኛ ዓመታቸውን እንደሚያከብሩ አስታወቀ። በሚቀጥለው እሑድ እንግዶች ይጠራሉ፤ በካሴቱ ላይ እነማን እንዳሉ የሚናገር ወረቀት በአርባ ቅጂ ይታተማል፤ ለየሰው ይታደላል። ፀደይ ማታ ጎድጓዳ ሳህኖቼን ስታጥብልኝ ወረቀቱን አነበበችልኝ። ላንጋ አለ። ሹጋ አለ። ሰድዛ በጥያቄ ምልክት አለ። እንቁ የለችም።

ለምን እንደቆጨኝ ላስረዳ። ልጅ አልወለድኩም። ፊደል አልቆጠርኩም። ያበሰልኩት ተበልቷል፣ የጠረግኩት ተመልሶ ቆሽሿል። በዚህ ዓለም ላይ ከአፌ ወጥቶ የቀረ ነገር ቢኖር እነዚያ አራት ቃላት ናቸው፤ እነሱንም ለኮንጎ ሰጧቸው። ስሜ እዚያ ወረቀት ላይ እንዲገባ ፈለግሁ፤ አለቀ። ፀደይን ታምኚኛለሽ ወይ አልኳት። ሳህን እያጠበች ትንሽ አሰበችና፣ ማመን ብቻውን ምን ያደርጋል፣ ማስረጃ ያስፈልገናል አለችኝ። የእውነት መልስ ስለሆነ አልተቀየምኳትም።

ቀኑ ደረሰ። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ይሄይስ አዲስ ኮት ለብሶ፣ ቃጭሌን ጠቅልሎ፣ ወረቀቱን አድሎ ሲጨርስ ትልቅ ዜና አለኝ አለ። ካሴቱን የሸጠለት ባለ ሱቅ አንድ ሰው ጠቁሞት ነበር፤ በዚያ ሙዚቃ ላይ ድራም የመታ ሰው ዛሬም ዳንግላ አለ። በሩ ተከፈተና አዝመራው ገባ።

ወዲያው አወቅሁት። ጥርሱ ረግፏል፣ ጀርባው ጎብጧል፤ ግን አገጩን ወደ ላይ አድርጎ የሚገባው አገባብ ያው የዱሮው ነው፣ ክፍሉን እንደሚገዛ ሰው። ከኮቱ ውስጥ ኪስ ሁለት የድራም እንጨት ብቅ ብሏል። እሱ አላወቀኝም። ሻይ ስሰጠው ስኳር ጨምሪ አለኝ።

ይሄይስ ስለ ላንጋ ጠየቀው። ከኮንጎ የትኛው ክፍል ነበር የመጣው አለው። አዝመራው ጉልበቱን እየመታ እስኪያስለው ሳቀ።

«ምን ኮንጎ አመጣብኝ፣ ልጄ። ቁጥር ነው፤ አዊኛ ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ‹እንኳ› አይደለም፣ ‹አንኳ› ነው። መጀመሪያው እምፕል ነበር፣ ተቆርጧል።»

ያን ጊዜ ነው እስክሪብቶዎቹ የተነሡት። ይሄይስ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ቢሆንም ጻፈ። ባምላክ አያቴ ትል ነበር ብያለሁ አይደል እያለ አጠገቡ ያለውን ሁሉ በክርኑ ጎሸመ። እኔ ትሪዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ፀደይ ዞር ብላ አየችኝ፤ ቀጥሎም ማን ነው የቆጠረው ብላ ሽማግሌውን ጠየቀችው።

አዝመራው ሻዩን ፉት አለ። «እኔ ነኛ» አለ። «ማን ሊሆን ነው?»

የቀረው ጥርስ ሦስት ነው፤ በሦስቱም ዋሸ። ትሪውን ራሱ ላይ ላሳርፈው ነበር። ይሄይስ ግን ቀድሞኝ ቴፑን ከፈተ። ድምፁ መጣ፣ ጥሩምባው ተነሣ፣ ድራሙ ተከተለ። ትንሽ ቆይቶ አዝመራው ፊቱን አጨማደደ። ባርኔጣውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ። ይህ እኔ አይደለሁም አለ። እንዲህ ተጎታች ሆኜ አላውቅም፤ በዚያ ዘመን ከጣና ወዲህ በፍጥነት የሚደርስብኝ ሰው አልነበረም፤ ይህ የሚመታው ሰው በሽተኛ ነው።

«ቴፑ ይጎትታል ብያለሁ» አልኩ።

«ይጎትታል፣ እውነቷን ነው» አለ አዝመራው ወደኔ እየጠቆመ። «ሴትዮዋ ጆሮ አላት። አፍጥኑልኝ።»

ይሄይስ አሁን ሽማግሌ ስለተናገረ ቴፑን ገልብጦ አየው። ውስጡ ያለው ላስቲክ ልል ሆኗል። ፀደይ ደግሞ አሁን ሲሰማ ሙዚቃውን ስልኳ ላይ ቀድታው ነበር፤ ስልኩ ማፍጠን ይችላል፤ ግን ምን ያህል ይፈጠን? ይሄይስ በሒሳብ ሊሠራው ወረቀት አወጣ። እኔ ትሪውን ለባምላክ አስያዝኩትና ወደ በሩ ሄድኩ። የይሄይስን የአንገት ልብስ ከቃጭሌ ላይ ፈታሁት።

«ሙዚቃው ውስጥ ቃጭል አለ» አልኳቸው። «ፈረሱ ውጭ ቆሞ ነበር። ያ ቃጭል ይሄ ነው። ሁለቱ አንድ እስኪሆኑ አፍጥኚው።»

መጀመሪያ ያመነኝ ሰው አልነበረም፤ ግን ነገሩ ጨዋታ ሆነባቸው። እኔ በሩን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ቃጭሉ ይጮኻል፤ ፀደይ ስልኩን ትነካለች፣ የሙዚቃው ቃጭል ይጮኻል። ገና ነው ይላል አንዱ። አለፈ ይላል ሌላው። ዓይነ ሥውር መስሎ ጨፍኖ የሚያዳምጥ አለ። ይሄይስ ወረቀቱን ትቶ ጆሮውን ቃጭሉ ላይ ለጠፈ። ሁለት ዓመት ሲያስተኛት የኖረውን ቃጭል። በሰባተኛው ይሁን በስምንተኛው ሁለቱ አንድ ሆኑ። በሩ ይጩኽ ስልኩ ይጩኽ መለየት አቃተ።

ፀደይ ከመጀመሪያው ከፈተችው።

«…ላንጋ፣ ሹጋ፣ ሰድዛ፣ አንኳ።»

የሴት ልጅ ድምፅ ነው። ወፍራም ነው፣ ግን የሴት ነው፤ ማማሰያ የያዘች፣ የቸኮለች ሴት። ጥሩምባው ብርር ብሎ ተነሣ። ድራሙ ከሥሩ ይጋልባል። አዝመራው አያችሁ አይደል እያለ እንጨቶቹን አውጥቶ ጉልበቱን ይደበድባል፤ በደስታ ብዛት የማን ድምፅ እንደሰማ ልብ አላለም። እኔም ራሴን ስሰማ አፌን ይዣለሁ። ያን ያህል ልጅ ነበርኩ እንዴ።

ከዚያ ጥሩምባው ያረፈባት ቦታ ደረሰች። ያቺ ይሄይስ ሙሉ ገጽ የሰጣት፣ ከነፍስ ጥልቀት የወጣችው ሲቃ። በልኩ ፍጥነት ስትመጣ እንደ ውኃ የጠራች ናት፦

«አዝመራው፣ ባንተ ጣጣ ሽንኩርቴ አረረ!»

ከዚያ ቀርቀሃው ሁሉ ሳቀ። ባምላክ ትሪዬን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ፀደይ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች፣ በሳቅ ነው። ከኋላ ሆና ባለፈው ያለቀሰችው ልጅ አሁንም ዓይኗን ትጠርጋለች። ሰው ይሄይስን ላለማየት ወደ ጣሪያ ያያል፤ እሱ ግን ራሱ ነው የጀመረው፤ አምስቱን ገጽ ፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ «ሽንኩርት… ለሽንኩርት አንድ ሙሉ ገጽ…» ይላል። ያን ቀን ወደድኩት። በራሱ የሚስቅ ሰው ትምህርቱ አልባከነም።

አዝመራው ባርኔጣውን አውልቆ ቀስ ብሎ ዞረ። አየኝ። ደግሞ አየኝ።

«እንቁ?» አለ። «የወጥ ቤቷ እንቁ? አንቺ አልሞትሽም?»

«አንተን ሳልቀብር?»

«ምነው ታዲያ ስገባ ዝም አልሽ?»

«ስኳር ጨምሪ ስትለኝ ጊዜ የት አገኘሁ። አሁን ተናገር፤ ማን ነው የቆጠረው?»

ጭንቅላቱን አከከ። ሃምሳ አንድ ዓመት ሲያወራው ስለኖረ እውነት መስሎት እንደነበር ተናዘዘ። ያን ቀን ያረረውን ሽንኩርት የበሉት እነሱ መሆናቸውንም፣ ደረሰ ከዚያ በኋላ በሄደበት አገር ሁሉ ያን ዜማ ሊጀምር ሲል ሽንኩርት ሸተተኝ እያለ ይስቅ እንደነበርም ነገረን። ይህን አላውቅም ነበር። ሰውየው በየመድረኩ እኔን ሲያስብ እኔ ድንች ስልጥ ኖሬያለሁ።

ከዚያማ ማን ይያዛቸው። ባምላክ ድራሙን ከባጃጁ አምጥቶ ለአዝመራው ተከለለት። አይ ይሄ ቋንጣ አይደለም፣ ሥጋው መጣ እያለ ይዘላል። ፀደይ ኪቦርዷን ሰካች፤ የጥሩምባውን ዜማ በጣቷ ፈልጋ አገኘችው። ይሄይስ አምስቷን በጣቱ ሊቆጥር ሞክሮ ሁለቴ ሳተ። ጣትህን ተወው፣ ፈረስ ነህ፣ አራት ኮቴ ጥለህ ቃጭልህን ምታ አልኩት። ጫማውን መሬት ላይ እያንኳኳ ሞከረ፤ በሦስተኛው ገባው። ሁሉም በእግሩ ጀመረ፤ ቤቴ የዳንግላ ገበያ መሰለች።

አዝመራው እንጨቶቹን አነሣ። ፀደይ ጣቶቿን አስቀመጠች። ክፍሉ ሁሉ ወደኔ ዞረ፤ የሚጠብቁት ቁጥሬን ነው። ይሄይስ በዚህ መሃል አንዱን ወረቀት ጉልበቱ ላይ አድርጎ ላንጋን ሰርዞ፣ ሹጋን ሰርዞ ሲጽፍ አይቼዋለሁ። ስምዎን አስገብቼዋለሁ፣ ይኸው፣ ይቁጠሩልን ብሎ ወረቀቱን ዘረጋልኝ። አየሁት። የጉንዳን መንገድ ነው። ከኮንጎ ይሁን ከኔ በምን አውቃለሁ።

«ይሄ ለኔ ምኔም አይደል» አልኩት። «ሁለት ዓመት በቃጭሌ ላይ የአንገት ልብስ ስታስር ዝም አልኩህ። ብርጭቆ ቀስ አድርጊ ስትለኝ ቀስ አደረግሁ። አሁን የተቀመጠ ሁሉ እንዲሰማ ተነሥ። እምፕል ተቆርጣለች፣ እሷንም ጻፋት። ከዚያ ከእምፕል ጀምረህ እስከ አንኳ፣ ከአንኳ እስከ እንቁ፣ ጮክ ብለህ አንብብልኝ። በአርባውም ላይ ጽፈህ አርባ ጊዜ ታነበዋለህ። እስክትጨርስ አንዲት ቁጥር ከአፌ አትወጣም።»